የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በአሜሪካ የወንጀል ፍትሕ ሥርዓት

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በአሜሪካ የወንጀል ፍትሕ ሥርዓት ውስጥ የሚገጥማቸው አያያዝ ከፖሊስ ምርመራ ጀምሮ እስከ ፍርድ ቤት፣ እስር ቤትና የሞት ቅጣት ድረስ የሚዘልቅ የሕግና የሰብአዊ መብት ጉዳይ ነው። ጉዳዩ በሰፊው የታወቀው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 «አትኪንስ እና ቨርጂኒያ» በተባለው መዝገብ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ሰው በሞት መቅጣት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ከወሰነ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ የሞት ቅጣት የሚመለከተው ጥቂት ተከሳሾችን ብቻ ነው። ብዙው ችግር የሚፈጠረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ተጠርጣሪው በፖሊስ ፊት ተቀምጦ «መብትህ ገብቶሃል?» ተብሎ ሲጠየቅና ሳይገባው «አዎ» ብሎ ሲመልስ ነው።

በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በስተቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ትርጉም

የአእምሮ እድገት ውስንነት አለ የሚባለው ሦስት መስፈርቶች አንድ ላይ ሲሟሉ ነው።

1. የማሰብ፣ የመማርና ችግር የመፍታት ችሎታ ከአማካዩ በጉልህ ሲያንስ፤
2. ለዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያስፈልገው ችሎታ፣ ለምሳሌ ገንዘብ መቁጠር፣ ሰዓት ማየት፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ አታላይን መለየት፣ በጉልህ ሲያንስ፤
3. እነዚህ ሁለቱ የጀመሩት ሰውየው ለአካለ መጠን ሳይደርስ በእድገቱ ዘመን ሲሆን።

መስፈርቱን ከሚያወጡት ተቋማት አንዱ በ1876 የተመሠረተው የአሜሪካ የአእምሮና የእድገት ውስንነት ማኅበር ነው። ማኅበሩ ለሦስተኛው መስፈርት ለረጅም ጊዜ 18 ዓመትን ወሰን አድርጎ ሲጠቀም ቆይቶ በ2021 ወደ 22 ከፍ አድርጎታል።

የመጀመሪያው መስፈርት ብዙ ጊዜ የሚለካው አይ.ኪው. በሚባለው ፈተና ነው። የፈተናው አማካይ ውጤት 100 ሲሆን፣ 70 አካባቢና ከዚያ በታች የሆነ ውጤት የውስንነት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ነገር ግን ማንኛውም ፈተና የመለኪያ ስሕተት ስላለው ውጤቱ እንደ አንድ ነጥብ ሳይሆን እንደ ክልል መነበብ አለበት። ክልሉ በተለምዶ ወደ ላይም ወደ ታችም 5 ነጥብ ነው። ስለዚህ 72 ያገኘ ሰው እውነተኛ ችሎታው ከ67 እስከ 77 ባለው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ይህ የቁጥር ጉዳይ ኋላ በፍርድ ቤት የሞትና የሕይወት ጥያቄ ሆኗል።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ከአእምሮ ሕመም ይለያል። የአእምሮ ሕመም በማንኛውም ዕድሜ ሊጀምር፣ ሊሻልና ሊያገረሽ፣ በመድኃኒትም ሊታከም ይችላል። የእድገት ውስንነት ግን በሽታ አይደለም፤ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚቆይ ነው፤ የሚያስፈልገውም መድኃኒት ሳይሆን ትምህርትና ድጋፍ ነው። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ። ብዙ የወንጀል ሕጎች የተጻፉት የአእምሮ ሕመምን በማሰብ በመሆኑ የሁለቱ መደባለቅ ለብዙ ስሕተት ምክንያት ሆኗል።

በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕጎች ውስጥ የነበረው የቀድሞ አጠራር ክብር የሚነካ ሆኖ ስለተገኘ በ2010 «የሮዛ ሕግ» በተባለው አዋጅ ተቀይሯል። በአማርኛም «የአእምሮ ዘገምተኛ» የሚለው አጠራር እየቀረ «የአእምሮ እድገት ውስንነት» የሚለው እየተተካ ነው።

በፖሊስ ምርመራ ወቅት

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1966 «ሚራንዳ እና አሪዞና» በተባለው መዝገብ በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ፖሊስ በቁጥጥሩ ሥር ያለን ሰው ከመጠየቁ በፊት ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ሊነግረው ይገባል። ተጠርጣሪው መብቱን መተው የሚችለው ደግሞ አውቆ፣ ተረድቶና በፈቃዱ ሲሆን ነው። በተግባር ግን «መብት»፣ «መተው»፣ «በማስረጃነት ይቀርብብሃል» የሚሉት ቃላት ለመረዳት የሚከብዱ ረቂቅ ሐሳቦች ናቸው። አንድ ሰው ዐረፍተ ነገሩን ቃል በቃል መድገም ቢችልም ትርጉሙን አውቋል ማለት አይደለም።

በዚህ ደረጃ ላይ የሚታዩት ዋና ዋና ችግሮች የሚከተሉት ናቸው።

እሺ ባይነት፦ ጥያቄው ምንም ይሁን ምን «አዎ» ብሎ የመመለስ ልማድ ነው። ከልጅነት ጀምሮ በሌሎች መመሪያ የኖረ ሰው ባለሥልጣን የሚፈልገውን መልስ መስጠትን ተምሯል።

መደበቅ፦ ብዙዎች እንዳይሾፍባቸው ሲሉ ያልገባቸውን እንደገባቸው፣ የማያነቡትን እንዳነበቡት ያስመስላሉ። አንትሮፖሎጂስቱ ሮበርት ኤጀርተን ከካሊፎርኒያ የመንግሥት ተቋም ወጥተው በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎችን አጥንተው በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ልማድ በችሎታ ካባ መከናነብ ሲሉ ገልጸውታል። በመደበቅ ምክንያት ፖሊሱም፣ ጠበቃውም፣ ዳኛውም ውስንነቱን ሳያውቁ ሊያልፉ ይችላሉ።

በጥያቄ መመራት፦ መርማሪው «ልብሷ ሰማያዊ ነበር አይደል?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ በጥያቄው ውስጥ አለ። ተጠርጣሪው በሚቀጥለው ጊዜ ሰማያዊ ብሎ ራሱ ሲናገር ወንጀለኛው ብቻ የሚያውቀውን ያወቀ ይመስላል።

የቅርቡን ብቻ ማየት፦ «ይህን ብትፈርም ያልቃል» የተባለ ሰው ፊርማው ከዓመታት በኋላ የሚያመጣውን ሳያስብ ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲል ሊፈርም ይችላል።

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ረገድ ለፖሊስ ሰፊ ነጻነት ይሰጣል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 «ፍሬዚየር እና ከፕ» በተባለው መዝገብ፣ ፖሊስ ለተጠርጣሪው የሌለ ማስረጃ አለኝ ብሎ መዋሸቱ ብቻውን የእምነት ቃሉን ውድቅ እንደማያደርገው ወስኗል። በ1986 «ኮሎራዶ እና ኮኔሊ» በተባለው መዝገብ ደግሞ፣ የፖሊስ አስገዳጅ ድርጊት ከሌለ የተጠርጣሪው የአእምሮ ሁኔታ ብቻውን የእምነት ቃሉን ሕገ ወጥ እንደማያደርገው ወስኗል። በዚህም ምክንያት የተጠርጣሪው ውስንነት ዳኞች ከሚመዝኗቸው ብዙ ነገሮች እንደ አንዱ እንጂ ራሱን የቻለ መከላከያ ሆኖ አይቆጠርም።

የታወቁ የሐሰት የእምነት ቃሎች

ጆ አሪዲ፦ በኮሎራዶ ግዛት ፑዌብሎ ከተማ ከሶርያ ስደተኛ ወላጆች የተወለደ ወጣት ነበር። የአይ.ኪው. ውጤቱ 46 ነበር። በ1936 በፑዌብሎ አንዲት ልጅ ከተገደለች በኋላ በሻይን፣ ዋዮሚንግ፣ በባቡር ጣቢያ አካባቢ ተይዞ የእምነት ቃል ሰጠ ተባለ። በዚያን ጊዜ ፖሊስ ሌላ ተጠርጣሪ፣ ፍራንክ አጊላር የተባለ ሰው፣ ይዞ ነበር፤ የግድያው መሣሪያ ነው የተባለ መጥረቢያም በእሱ ቤት ተገኝቷል። አጊላር በ1937 በሞት ተቀጣ። አሪዲም ጥር 6 ቀን 1939 በ23 ዓመቱ በጋዝ ክፍል ተገደለ። የሞት ፍርደኞች ክፍል ውስጥ ሳለ የእስር ቤቱ ኃላፊ በሰጡት የመጫወቻ ባቡር ይጫወት እንደነበርና የሚጠብቀውን ሞት ትርጉም እንዳልተረዳ ተመዝግቧል። የኮሎራዶ ገዥ ቢል ሪተር ከ72 ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ሙሉ ይቅርታ አድርገውለታል።

ኧርል ዋሽንግተን፦ የቨርጂኒያ የእርሻ ሠራተኛ የነበረ ሲሆን የአይ.ኪው. ውጤቱ 69 ነበር። በ1983 በሌላ ጉዳይ ተይዞ ሲጠየቅ በ1982 በካልፔፐር ከተማ የተፈጸመ አስገድዶ መድፈርና ግድያን አመነ። ነገር ግን ቃሉ ከእውነቱ ጋር አይገጥምም ነበር። ሟቿ ነጭ ስትሆን ጥቁር ናት አለ፤ 38 ጊዜ የተወጋች ስትሆን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ወጋኋት አለ። መርማሪዎቹ ጥያቄውን እየደጋገሙ መልሱን አስተካከሉት። በ1984 ሞት ተፈረደበት፤ በ1985 ቅጣቱ ሊፈጸም 9 ቀን ሲቀረው ታገደ። በ1994 የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ውጤት ከተገኘ በኋላ የግዛቱ ገዥ ዳግላስ ዋይልደር ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት። በ2000 በተደረገ ሌላ ምርመራ ገዥው ጂም ጊልሞር ይቅርታ አደረጉለትና በ2001 ተፈታ። በ2006 የፌዴራል ጁሪ 2.25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈርዶለታል።

ሄንሪ ማኮለምና ሊዮን ብራውን፦ በእናት የሚገናኙ ወንድማማቾች ሲሆኑ ሁለቱም የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባቸው። በ1983 በሰሜን ካሮላይና፣ ሬድ ስፕሪንግስ ከተማ፣ የ11 ዓመት ልጅ ስትገደል ማኮለም 19፣ ብራውን 15 ዓመታቸው ነበር። ለሰዓታት ከተጠየቁ በኋላ ፖሊስ ያዘጋጀውን የእምነት ቃል ፈረሙ። ማኮለም የፈረመው ወደ ቤት እሄዳለሁ ብሎ በማሰብ እንደሆነ ኋላ ተናግሯል። ሁለቱም ሞት ተፈረደባቸው፤ የብራውን ቅጣት ኋላ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተቀየረ። በ1994 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ በሌላ መዝገብ ላይ በጻፉት አስተያየት ይህን ግድያ የሞት ቅጣት ተገቢ ለመሆኑ ምሳሌ አድርገው ጠቅሰውት ነበር። በ2014 በግድያው ቦታ የተገኘ የሲጋራ ቁራጭ በዲ.ኤን.ኤ. ሲመረመር ቀድሞውኑ በተመሳሳይ ወንጀል ታስሮ ከነበረ ሌላ ሰው ጋር ገጠመ፤ ወንድማማቾቹም ከ30 ዓመት በላይ ታስረው ነጻ ወጡ። በ2021 የፌዴራል ጁሪ በድምሩ 75 ሚሊዮን ዶላር ፈርዶላቸዋል።

በሦስቱም ጉዳዮች የጥፋተኝነት ፍርዱ ዋና መሠረት ተከሳሹ ራሱ የሰጠው ቃል ነበር። አንድ ሰው ያልሠራውን ሠራሁ አይልም የሚለው የጁሪዎች እምነት ሌላውን ጥርጣሬ ሁሉ ይሸፍነዋል። ለዚህ ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ ምርመራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በድምፅ ወይም በቪዲዮ መቅረጽ ነው፤ የመጨረሻው ፊርማ ብቻ ሳይሆን ዝርዝሩ ከማን አፍ ቀድሞ እንደወጣ ማየት ይቻላልና። አላስካ በ1985፣ ሚኒሶታ በ1994 በጠቅላይ ፍርድ ቤቶቻቸው ውሳኔ ቀረጻን ግዴታ አድርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ብዙ ግዛቶች ተከትለዋል።

ችሎት ፊት የመቅረብ ብቃት

አንድ ተከሳሽ ሊዳኝ የሚችለው የሚደረገውን የሚረዳ ከሆነ ብቻ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1960 «ደስኪ እና ዩናይትድ ስቴትስ» በተባለው መዝገብ መለኪያውን አስቀምጧል። በዚህም መሠረት ተከሳሹ ከጠበቃው ጋር በማስተዋል መመካከር መቻል፣ እንዲሁም የክሱን ሂደት መረዳት አለበት።

ብቃት የለውም የተባለ ሰው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ በ1972 «ጃክሰን እና ኢንዲያና» በተባለው መዝገብ ተነሣ። ተከሳሹ መስማትና መናገር የማይችል፣ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ነበር። የተከሰሰው በድምሩ 9 ዶላር የሚያወጣ ንብረት በሁለት ጊዜ ነጥቋል በሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ጤናው እስኪመለስ በተቋም ይቆይ ብሎ አዘዘ። ውስንነቱ የሚድን ባለመሆኑ ትእዛዙ ያለ ፍርድ ዕድሜ ልክ ከመታሰር የተለየ አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ትእዛዙን ሻረ። አንድ ሰው ለመዳኘት ብቁ አይደለም ተብሎ ብቻ ሊያዝ የሚችለው ብቁ ሊሆን መቻል አለመቻሉን ለማወቅ ለሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ግን ወይ በተራው የፍትሐ ብሔር ሥርዓት ወደ ተቋም መግባት ወይ መለቀቅ እንዳለበት ወሰነ።

በብዙ ግዛቶች ብቁ አይደሉም የተባሉ ተከሳሾች «ብቃትን የመመለስ» ትምህርት ይሰጣቸዋል። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በመድኃኒት ሊሻለው ይችላል። የእድገት ውስንነት ያለበት ሰው ግን «ዳኛ ማለት ምንድን ነው? ጠበቃ ምን ይሠራል?» የሚሉ ጥያቄዎችን መልስ እንደ ተማሪ በቃሉ ሊያጠናና ብቁ ሊባል ይችላል፤ በጉዳዩ ላይ ለመወሰን ያለው ችሎታ ግን እንዳለ ይቀራል።

ሌላው አሳሳቢ ነገር አብዛኛው የወንጀል ጉዳይ ክርክር ሳይደረግበት በጥፋተኝነት ድርድር ማለቁ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 በጠቀሰው አኃዝ ከፌዴራል የጥፋተኝነት ፍርዶች 97 በመቶ፣ ከግዛቶቹ ደግሞ 94 በመቶ የሚሆኑት ከተከሳሹ የጥፋተኝነት ቃል የተገኙ ናቸው። በድርድር ጊዜ ዳኛው ተከሳሹን መብቱን መተዉ ገብቶት እንደሆነ በተከታታይ ይጠይቀዋል። እሺ ባይ የሆነ ሰው ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው።

የሞት ቅጣት

ከፔንሪ እስከ አትኪንስ

በ1986 የጆርጂያ ግዛት የአእምሮ እድገት ውስንነት የነበረበትን ጀሮም ባውደንን በሞት ቀጣ። ድርጊቱ ያስነሣው ቁጣ ጆርጂያ በ1988 እንዲህ ያለውን ቅጣት በሕግ የከለከለች የመጀመሪያዋ ግዛት እንድትሆን አደረጋት።

በ1989 ጉዳዩ «ፔንሪ እና ሊናው» በተባለ መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጆኒ ፖል ፔንሪ በቴክሳስ በ1979 በተፈጸመ ግድያ የተፈረደበት ሲሆን የማሰብ ችሎታው የስድስት ዓመት ተኩል ልጅ ያህል መሆኑን ባለሙያ መስክሮ ነበር። ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር በጻፉት ውሳኔ ፍርድ ቤቱ ጁሪው ውስንነቱን ለቅጣት ማቅለያ የሚያይበት መንገድ ሊሰጠው ይገባ ነበር ብሎ ፍርዱን ቢሽርም፣ እንዲህ ያሉትን ሰዎች ሁሉ በሞት መቅጣት በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ነው ለማለት ግን የአገሪቱ ሕዝብ ስምምነት የለም አለ። በዚያን ጊዜ የሞት ቅጣት እያላቸው ይህን የከለከሉት ግዛቶች ጆርጂያና ሜሪላንድ ብቻ ነበሩ።

በ13 ዓመት ውስጥ የከለከሉት ግዛቶች ቁጥር 18 ደረሰ። ሰኔ 20 ቀን 2002 ፍርድ ቤቱ «አትኪንስ እና ቨርጂኒያ» በተባለው መዝገብ በ6 ለ3 ድምፅ የቀድሞ ውሳኔውን ቀየረ። ዳሪል አትኪንስ በ1996 በ18 ዓመቱ ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ በፈጸመው ዘረፋና ግድያ ሞት የተፈረደበት ሲሆን የአይ.ኪው. ውጤቱ 59 ነበር። ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ የጻፉት ውሳኔ በሚከተሉት ነጥቦች ላይ ያርፋል፦

• ስምንተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚከለክለው ጨካኝ ቅጣት የሚለካው በጊዜው ባለው የኅብረተሰብ የሥነ ምግባር ደረጃ ነው፤ የግዛቶቹ ሕግ የሄደበት አቅጣጫም ግልጽ ነው።
• የቅጣት ዓላማ ብድር መመለስ ከሆነ፣ ጥፋተኝነታቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ከፍተኛው ቅጣት አይገባቸውም። ዓላማው ማስፈራራት ከሆነ፣ ውጤቱን አስልቶ መወሰን የሚከብደውን ሰው አያስፈራራም።
• እነዚህ ሰዎች ያልሠሩትን ሊያምኑ ይችላሉ፤ ጠበቃቸውን በሚገባ አይረዱም፤ ጥሩ ምስክር አይሆኑም፤ ሁኔታቸውም የማይጸጸቱ ሊያስመስላቸው ይችላል።

ዋና ዳኛ ዊልያም ሬንኲስት፣ ዳኛ ስካሊያና ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ተቃውመዋል። ስካሊያ የ18 ግዛቶች ሕግ አገራዊ ስምምነት ሊባል አይችልም፣ ውስንነትንም ማስመሰል ቀላል ነው ብለው ተከራክረዋል።

ፔንሪ በ2008 በድርድር የዕድሜ ልክ እስራት ተወስኖበታል። በአትኪንስ ላይ ግን የራሱ ስም ያለበት ውሳኔ ወዲያው አልሠራለትም። ውስንነት አለበት የለበትም የሚለው ለጁሪ ቀርቦ፣ በኋላ የተደረጉ ፈተናዎች ከ70 በላይ ስላሳዩ፣ በ2005 ጁሪው የለበትም አለ። ቅጣቱ በ2008 ወደ ዕድሜ ልክ እስራት የተቀየረው ዐቃቤ ሕግ ከመከላከያው ማስረጃ ደብቋል በሚል ሌላ ምክንያት ነው። ቨርጂኒያ በ2021 የሞት ቅጣትን ጨርሳ ሰርዛለች።

ከአትኪንስ በኋላ

የ2002ቱ ውሳኔ ማን የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት የሚለውን የመወሰን ሥራ ለግዛቶች ትቶ ነበር። በዚህም ምክንያት አንድ ዓይነት ሰው በአንዱ ግዛት የሚተርፍበት፣ በሌላው የሚገደልበት ሁኔታ ተፈጠረ።

ፍሎሪዳ ከ70 አንድ ነጥብ እንኳ ያለፈ ሰው ሌላ ማስረጃ እንዳያቀርብ ትከለክል ነበር። ፍሬዲ ሊ ሆል 71 በማግኘቱ በሩ ተዘጋበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 «ሆል እና ፍሎሪዳ» በተባለው መዝገብ በ5 ለ4 ድምፅ ይህን አሠራር ሻረ። ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ በጻፉት ውሳኔ መሠረት የፈተናው የመለኪያ ስሕተት ግምት ውስጥ መግባት አለበት።

የቴክሳስ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2004 የራሱን የመለያ ጥያቄዎች አውጥቶ ነበር። ሰውየው ዕቅድ አውጥቶ ያውቃል ወይ? ለጥቅሙ መዋሸት ይችላል ወይ? የሚሉና የመሳሰሉ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ጥያቄዎቹን ሲያወጣ በጆን ስታይንቤክ ልብ ወለድ ውስጥ ያለውን ሌኒ የተባለ ገጸ ባሕርይ ሕዝቡ ከሞት ቅጣት ነጻ ሊያደርገው ለሚስማማበት ሰው ምሳሌ አድርጎ ጠቅሷል። ችግሩ ውስንነት ያለበት ሰው ሥራ ሊሠራ፣ ሊያፈቅር፣ ሊዋሽም የሚችል መሆኑ ነው፤ አንድ ነገር መቻሉ ሌላውን ይችላል ማለት አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 «ሙር እና ቴክሳስ» በተባለው መዝገብ በ5 ለ3 ድምፅ ጥያቄዎቹን ውድቅ አደረገ። ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ በጻፉት ውሳኔ ግዛቶች የሕክምናውን ዓለም መስፈርት ወደ ጎን ትተው በተለምዶ አስተሳሰብ መመራት እንደማይችሉ ተገለጸ። የቴክሳስ ፍርድ ቤት በድጋሚ በሙር ላይ ስለወሰነ ጉዳዩ በ2019 እንደገና ተሽሮ፣ ሙር ከሞት ቅጣት ተርፎ በ2020 በአመክሮ ተፈታ። ሞት የተፈረደበት በ1980 ነበር።

ቅጣቱን ቀድማ የከለከለችው ጆርጂያ ተከሳሹ ውስንነቱን ከጥርጣሬ በላይ በሆነ ማስረጃ እንዲያስረዳ ትጠይቅ ነበር፤ ይህም ከግዛቶች ሁሉ ከባዱ መለኪያ ነበር። በ2015 በሞት የተቀጣው ዋረን ሂል ከዚህ መለኪያ ማለፍ ካልቻሉት አንዱ ነው፤ ቀድሞ ውስንነት የለበትም ብለው የመሰከሩት የመንግሥት ባለሙያዎች ኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው ነበር። ጆርጂያ መለኪያውን በ2025 በሕግ አቅልላለች።

በእስር ቤት

የአሜሪካ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2015 ባወጣው ሪፖርት ከፌዴራልና ከግዛት እስረኞች ከ10ሩ 3 ያህሉ ቢያንስ አንድ የአካል ጉዳት ወይም ውስንነት እንዳለባቸው መልሰዋል። ከሁሉ የበዛው የማስታወስ፣ የማተኮርና የመወሰን ችግር ነው። ይህ ቁጥር ከአእምሮ እድገት ውስንነት የሰፋ ነው፤ የራስ ቅል ጉዳትንና ሌሎች ምክንያቶችንም ያጠቃልላል።

እስር ቤት በጽሑፍ ደንብ የሚመራ ቦታ ነው። ለሐኪም ቤት፣ ለአቤቱታ፣ ለጥየቃ ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል። ማንበብ የማይችል ሰው መብቱን አያገኝም፤ ትእዛዙ ሳይገባው ሲቀር ደግሞ እንደ እምቢተኛ ተቆጥሮ ለብቻው ይታሰራል፤ የዲሲፕሊን ጥፋት በተመዘገበበት ቁጥር የአመክሮ ዕድሉ ይርቃል። በሌሎች እስረኞች ለመዘረፍና ለመደፈርም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ዳኛ ዊልያም ዌይን ጀስቲስ በ1980 በቴክሳስ እስር ቤቶች ላይ በሰጡት ረጅም ፍርድ እነዚህን ችግሮች ዘርዝረው አስፍረዋል።

የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀው የ1990 ፌዴራላዊ ሕግ በግዛት እስር ቤቶችም ላይ እንደሚሠራ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ወስኗል። በካሊፎርኒያ በ1996 በተጀመረና በ2001 በስምምነት ባለቀ የቡድን ክስ የግዛቱ እስር ቤቶች እንዲህ ያሉትን እስረኞች ለይተው ለማወቅ፣ ከጥቃት ለመጠበቅና በቀላል ቋንቋ ለማስረዳት ተስማምተዋል።

እንደ ተጎጂና ምስክር

ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በተጠርጣሪነት ብቻ ሳይሆን በተጎጂነትም ወደ ፍትሕ ሥርዓቱ ይመጣሉ። የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ ተከታታይ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከአካል ጉዳተኞች መካከል ለኃይል ጥቃት ይበልጥ የሚጋለጡት የማሰብና የማስታወስ ችግር ያለባቸው ናቸው። ጥቃት አድራሹ ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ሰው፣ አንዳንዴም ተንከባካቢያቸው ነው።

ተጎጂው ቀንና ሰዓት ስለሚያሳክር «አይታመንም» ተብሎ ክሱ ሳይመሠረት ሊቀር ይችላል። እዚህ ላይ የሚታየው ተቃርኖ ግልጽ ነው፤ ራሱን ሲወነጅል ቃሉ ሳይመረመር የሚታመነው ሰው ሌላውን ሲከስ ቃሉ አይታመንም። ጥያቄው አጭርና ግልጽ ሆኖ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ከተጠየቀና መልሱ በጥያቄው ውስጥ ካልተሰጠ ግን እነዚህ ሰዎች ያዩትን በትክክል መናገር ይችላሉ።

የሌሎች አገሮች አሠራር

በእንግሊዝ በ1972 የተፈጸመ አንድ ግድያ ለሕግ ለውጥ ምክንያት ሆኗል። በደቡብ ለንደን የማክስዌል ኮንፌት ግድያ ሦስት ወጣቶች ተይዘው አመኑ። ከእነርሱ አንዱ የአእምሮ እድገት ውስንነት ነበረበት። ፍርዱ በ1975 ተሻረ። ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ ይፋዊ ምርመራ ውጤት በ1977 ወጣ። ይህ በ1984 ለወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው። በዚያ ሥርዓት መሠረት ፖሊስ እንዲህ ያለውን ተጠርጣሪ ሲጠይቅ ከፖሊስ ነጻ የሆነ ሌላ ዐዋቂ ሰው አብሮ ይቀመጣል። የዚህ ሰው ሥራ ጥያቄው መገባቱን መከታተልና ተጠርጣሪውን መርዳት ነው። በአሜሪካ ለዚህ የሚመሳሰል አገር አቀፍ ግዴታ የለም።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2006 የጸደቀ ሲሆን አንቀጽ 13 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች እኩል ፍትሕ እንዲያገኙ፣ ለዚህም ሥርዓቱ ራሱ እንዲስተካከልላቸው፣ ፖሊሶችና የእስር ቤት ሠራተኞችም እንዲሠለጥኑ ያዝዛል። አሜሪካ በ2009 ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችውም፤ በ2012 በሴኔቱ 61 ለ38 ድምፅ ቢያገኝም የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ አላሟላም። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2010 በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ዓ.ም. አጽድቃለች።

የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 አንድ ሰው በዕድሜ፣ በሕመም፣ ከተፈጥሮ ውጭ በዘገየ እድገት ወይም በመሳሰለው ምክንያት የድርጊቱን ምንነትና ውጤት መረዳት ወይም ራሱን መቆጣጠር ካልቻለ በወንጀል ኃላፊ እንደማይሆን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 49 ደግሞ በከፊል ኃላፊ ስለሚሆን ሰው ይናገራል። የዘገየ እድገት በስሙ መጠቀሱ ከአእምሮ ሕመም ለይቶ ለማየት ቦታ ይሰጣል። ፍርድ ቤቱ የሚጠራጠርበት ሁኔታ ሲኖር የባለሙያ አስተያየት መጠየቅ አለበት። እነዚህ ድንጋጌዎች የሚሠሩት ግን ውስንነቱን ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ ወይም ዳኛው ቀድሞ ከጠረጠረ ነው። ሰውየው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጥረው እንዳይጠረጠር ነው።

የማሻሻያ ሐሳቦች

በአሜሪካ የመብት ድርጅቶችና የሕግ ባለሙያዎች በተደጋጋሚ ከሚያቀርቧቸው ሐሳቦች መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

• የሚራንዳ ማስጠንቀቂያን በቀላል ቋንቋ ማዘጋጀትና ተጠርጣሪው «ገብቶኛል» ከማለት ይልቅ በራሱ ቃል እንዲያስረዳ መጠየቅ፤
• ውስንነት ያለበትን ሰው ያለ ጠበቃ አለመጠየቅ፤
• ምርመራን በሙሉ መቅረጽ፤
• ቀላል ጥፋቶችን ከእስር ይልቅ ወደ ድጋፍ አገልግሎት መምራት፤
• ፖሊሶችን፣ ጠበቆችንና ዳኞችን አብሮ ማሠልጠን።

ዘ አርክ የተባለው ድርጅት በ2013 የወንጀል ፍትሕና የአካል ጉዳተኝነት ብሔራዊ ማዕከልን አቋቁሞ ለፖሊሶች፣ ለጠበቆችና ለተጎጂ ደጋፊዎች ሥልጠና ይሰጣል።